ጉንፋን የያዘው ሕፃን ይከተብ ወይ? ለጠየቅሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ልጅሽ አስር ሳምንት ሞልቶታል፤ ሐሙስ ቀጠሮው ነው። አፍንጫው ተዘግቷል፣ ትንሽ ትንሽ ያስለዋል፣ ከትናንት ወዲህ ደግሞ ሆዱ ለስለስ ብሏል። ጎረቤትሽ "ቫይረስ ይዞት እያለ ክትባት አይሠራለትም፣ ይደራረብበታል፣ እስኪሻለው ቆዪ" አለችሽ። ሌላዋ ደግሞ መጀመሪያ አሞክሳሲሊን ስጪው አለችሽ። እኔ እዚሁ ኮዬ ፈጬ አካባቢ ክትባት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ፤ ክረምት ሲገባማ በየቀኑ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ሐሙስ ውሰጂው። ከዚህ በታች የምጽፈው ለምን እንደዚያ እንደምል ነው።

ጎረቤትሽ የተናገረችው ነገር ከባዶ የመጣ አይደለም። ቫይረስ የአንዳንድ ክትባቶችን ሥራ ሊያዳክም ይችላል። ግን የትኞቹን? ልጅሽ በአስር ሳምንቱ የሚወስደው ሁለት መርፌና ሁለት በአፍ የሚሰጥ ነው። መርፌዎቹ ትክትክን ጨምሮ አምስት በሽታ የሚከላከለው ፔንታና የሳንባ ምች መከላከያው ፒሲቪ ናቸው። በውስጣቸው ሕይወት ያለው ነገር የለም፤ የጀርሞቹ ቁራጭ ወይም የሞተ ጀርም ነው ያለው። ሰውነት ውስጥ ገብተው መራባት አይጠበቅባቸውም። ስለዚህ አፍንጫው ላይ ያለው ጉንፋን ከእነሱ ጋር የሚሻማው ነገር የለም።

በአፍ የሚሰጡት የፖሊዮና የሮታ (ተቅማጥ የሚያመጣ ቫይረስ ነው) ክትባቶች ግን ሌላ ናቸው። ሁለቱም በሕይወት ያሉ፣ ግን የተዳከሙ ቫይረሶች ናቸው። እንዲሠሩ የሕፃኑ አንጀት ውስጥ ገብተው መራባት አለባቸው። እዚያ ቀድሞ የገባ ሌላ ቫይረስ ካለ፣ በተለይ የፖሊዮ ዘመድ የሆኑት ኢንትሮቫይረሶች ካሉ፣ ለክትባቱ ቦታ ይጠብበታል። ሰውነት የመጀመሪያውን ቫይረስ ለመከላከል ኢንተርፌሮን የሚባል ነገር ያመነጫል፤ ያ ነገር ክትባቱንም እንዳይራባ ያደርገዋል። የፖሊዮ ጠብታ ሲሰጣቸው አንጀታቸው ውስጥ ኢንትሮቫይረስ የነበረባቸው ወይም ተቅማጥ የያዛቸው ሕፃናት ለዚያ ዶዝ የሚሰጡት ምላሽ ዝቅ እንደሚል ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች አሳይተዋል።

አሁን ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። እነዚያ የአንጀት ቫይረሶች አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት አያሳዩም። ሕፃኑ ይስቃል፣ ይጠባል፣ ይተኛል፤ ሰገራው ቢመረመር ግን ቫይረሱ አለ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ጄሪካን ሞልተን በምናስቀምጥበት፣ ልጆች አንድ ግቢ ውስጥ አብረው በሚያድጉበት እንደኛ ባለ ሰፈር ደግሞ ይህ ብርቅ አይደለም። አንቺ የምታዪው ንፍጥ ክትባቱን የማይነካው ነው፤ ሊነካው የሚችለውን ደግሞ አታዪውም። ታዲያ ልጁ ከቫይረስ ሁሉ የጸዳበትን ቀን ልጠብቅ ብትዪ መቼ ይመጣል? ጨቅላ ልጅ በዓመት ስድስት ሰባት ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው የተለመደ ነው። አንዱ ሲለቀው ሌላው ይይዘዋል። እየጠበቁ የሚቀሩ እናቶችን አውቃለሁ። የአስር ሳምንቱ ቀጠሮ አምስት ወር ላይ ይደርሳል፤ ልጁ በመካከሉ ከትክትክ በደንብ ሳይጠበቅ ይከርማል። ትክትክ ደግሞ ክፉ የሚሆነው በዚሁ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው።

"ፖሊዮ ስንት ጊዜ ነው የምትሰጡት?" ብለው የሚቆጡኝ አባቶች አሉ። ሲወለድ፣ በስድስት፣ በአስር፣ በአስራ አራት ሳምንት፤ ከዚያ ዘመቻ ሲመጣ ደግሞ በር ይንኳኳል። አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አንዱ ዶዝ በቫይረስ ቢደናቀፍ ሌላው እንዲይዝለት ነው። በአስራ አራት ሳምንት ላይ የሚሰጠው የፖሊዮ መርፌም አንጀትን ሳይጠብቅ ስለሚሠራ ክፍተቱን ይሞላል። እባካችሁ ያቺን ቀጠሮ አትዝለሉ።

የሮታም ነገር ተመሳሳይ ነው። ክትባቱ አገራችን የገባው በ2006 ዓ.ም. ነው። አውሮፓ ውስጥ ከባድ የሮታ ተቅማጥን ከ90 በመቶ በላይ ይከላከላል። አፍሪካ ውስጥ ሲሞከር ግን ደቡብ አፍሪካ ላይ 77 በመቶ፣ ማላዊ ላይ 49 በመቶ ነበር ያገኙት። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የአንጀት ኢንፌክሽን፣ ከእናት የሚተላለፍ መከላከያ፣ የአንጀት ጤና ሁሉ አሉበት። ግማሹ ብቻ ነው ብለሽ እንዳትንቂው። ሮታ በብዛት ባለበት አገር ግማሹን መከላከል ብዙ ልጆችን ከሆስፒታል አልጋ ያስቀራል።

ስለ ጡት የምትጠይቁም አላችሁ። "ከሮታ በፊት ጡት ባልሰጠው ይሻላል ወይ?" ትላላችሁ። ይህ በደቡብ አፍሪካ፣ በሕንድና በፓኪስታን ተሞክሯል፤ ጡት ከለከልን ብሎ የተሻለ ውጤት አልተገኘም። አጥቢው። ሲያለቅስም አጥቢው።

አንቲባዮቲኩን እርሺው። መጀመሪያ ነገር ጉንፋን ቫይረስ ነው፣ አሞክሳሲሊን አይነካውም። "አንጀቱን አጽድቶ ክትባቱን ያግዛል" የሚለውም በደንብ ተፈትሿል። ደቡብ ሕንድ ቬሎር ውስጥ ለሕፃናት ከፖሊዮ ጠብታ በፊት ለሦስት ቀን አዚትሮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ሰጥተው ነበር። የአንጀት ባክቴሪያው ቀነሰ። የክትባቱ ምላሽ ግን ምንም አልተሻሻለም። ቫይረሶቹ እዚያው ናቸዋ! ዳማ ከሴ ጨምቆ ማጠጣት፣ ቅቤ ማዋጥ፣ የአብሽ ውሃ የሚሉትንም ለአስር ሳምንት ልጅ አታስጠጊ። እስከ ስድስት ወር ከጡት ሌላ ምንም አያስፈልገውም፤ ንጽሕናው ባልታወቀ ውሃ ተቅማጡን ታባብሺበታለሽ።

ትኩሳት አለው ብለሽ ደግሞ ሳትለኪ አትቅሪ። እኛ ሰፈር ንፋሱ ብርቱ ስለሆነ ልጅ ተጀቡኖ ነው የሚመጣው። ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ብርድ ልብስ፣ ከላይ ጋቢ። ግንባሩ ሲነካ ይፋጃል። እናትየው "ይኸው ትኩሳት አለው" ብላ ልትመለስ ትነሳለች። ቁጭ አድርጌ ጋቢውን አስወልቃለሁ፣ ኮፍያውን አነሳለሁ፣ ጡት ይጠባል። ትንሽ ቆይተን በቴርሞሜትር ስንለካው ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። አፍንጫው ከተዘጋ ከጠብታው በፊት በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጊለት። አፍንጫው የተዘጋ ልጅ በአፉ ስለሚተነፍስ ጠብታውን መልሶ ይተፋዋል። ወዲያው ከተፋ ለባለሙያዋ ንገሪያት፣ የፖሊዮውን ትደግምለታለች።

ሆዱ ለስለስ ማለቱን ሳትደብቂ ተናገሪ። ተቅማጥ ያለው ልጅ የፖሊዮ ጠብታውን ይወስዳል፤ ነገር ግን ተከታታዩን ከጨረሰ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ አንድ ተጨማሪ እንዲሰጠው ይመከራል። ተቅማጡ ውሃ ውሃ ሆኖ ከበዛ፣ የሚያስመልሰው ከሆነ ባለሙያዋ ሮታውን ለጥቂት ቀን ልታቆይለት ትችላለች። መርፌዎቹን ግን በዚያ ሰበብ አያስቀሩበት። የቀረውን ለመውሰድ የምትመለሺበት ቀን ካርዱ ላይ መጻፉን አይተሽ ውጪ።

ዘጠኝ ወር ሲሞላው ደግሞ ይኸው ወሬ በኩፍኝ ክትባት ይመጣብሻል፣ ከአሁኑ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ትንሽ ጥናት ነበር። ጉንፋን ይዟቸው ከተከተቡት ሕፃናት ለኩፍኝ ክትባቱ ምላሽ የሰጡት 79 በመቶ ሲሆኑ ከጤነኞቹ 98 በመቶ ነበሩ። ብዙ ሰው ደነገጠ። በኋላ ብዙ ልጆች ይዘው የተሠሩ ጥናቶች ግን ያንን ልዩነት አላገኙትም። በዘጠኝ ወር ክትባቱን በዋናነት የሚያዳክመው ጉንፋን ሳይሆን ልጁ ከእናቱ ይዞት የተወለደው መከላከያ ቅሪት ነው። በዚያ ዕድሜ ከተከተቡት ልጆች 85 በመቶ ገደማ ላይ ክትባቱ ይይዛል። ለዚህ ነው ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአስራ አምስት ወር ሁለተኛው የሚሰጠው። ብዙዎቻችሁ "በዘጠኝ ወር ጨርሷል" ብላችሁ ካርዱን ታስቀምጣላችሁ። አልጨረሰም!

ክትባት ያቆየልሽን መከላከያ ከሥሩ የሚያጠፋ ቫይረስ ካለ ራሱ ኩፍኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ኩፍኝ የያዛቸው ያልተከተቡ ልጆች ቀድመው ለሌሎች በሽታዎች ካከማቹት መከላከያ ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆነውን እንዳጡ አሳይቷል። የኩፍኝ ብልቃጥ ደግሞ የብዙ ልጅ ዶዝ ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ ከስድስት ሰዓት በኋላ ይደፋል። ስለዚህ ብዙ ቦታ ልጆች በሚሰበሰቡበት ቀን ብቻ ነው የሚከፈተው። በንፍጥ ምክንያት የተመለሰች እናት በማግስቱ መጥታ ላታገኘው ትችላለች።

ክትባቱን ትተሽ በቀጥታ ለሕክምና የምትሮጪበት ጊዜ አለ፦ ጡት እምቢ ካለ፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ፣ ሲተነፍስ ከጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ። ሲተኛ ልብሱን ገልጠሽ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ። ሁለት ወር ላለፈው ልጅ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፣ ይታይ።

ፓራሲታሞል "አስቀድሜ ልስጠው" አትበዪ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት ክትባት በወሰዱበት ሰዓት ለትኩሳት መከላከያ ተብሎ የተሰጣቸው ሕፃናት ለክትባቱ የሰጡት ምላሽ እንደቀነሰ አሳይቷል። ማታ ትኩሳት ከመጣና ካስቸገረው በኪሎው ልክ ባለሙያዋ የነገረችሽን ትሰጪዋለሽ። ከፔንታ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ማተኮስ የተለመደ ነው። ከዚያ ካለፈ ግን ጉንፋኑ ይሁን ሌላ ነገር መታየት አለበት። ካርዱን ይዘሽ ተመለሺ።