ሁለት ጨዋታ በአንድ ሰዓት ሲሆን ትልቁ ስክሪን ለማን ይሁን?

ሰላም ለዚህ ግሩፕ ቤተሰቦች። ከኮምቦልቻ የጠየቅከው ወንድማችን፣ ጥያቄህ ልቤን ነክቶኛል። «የማታ ፈረቃ የሌለብኝን ቀን ጠብቄ ዲኤስቲቪ ቤት ስገባ የአፍሪካ ዋንጫና ፕሪምየር ሊግ በአንድ ሰዓት ይገጥማሉ። ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ ይጯጯሃል። አንዱንም በቅጡ ሳላይ እወጣለሁ። ለምንድን ነው እንዲህ የሚያጋጩት? እናንተ ጋ የቱ ነው የሚታየው?» ነው ያልከው። እኛ እዚህ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ጨዋታ የምናሳይበት ቤት አለን። በሩ ላይ ሒሳብ የምቀበለውም፣ ሪሞቱን የምይዘውም እኔ ነኝ። ስለዚህ ያየሁትን ልንገርህ።

መልሴን አስቀድሜ ላስቀምጥ። ሁለቱ በአንድ ሰዓት ከመጡ ትልቁ ስክሪን የአፍሪካ ዋንጫ ነው። አርሰናል ዛሬ ቢያመልጥህ በሳምንቱ ታገኘዋለህ። አንድ ክለብ በዓመት 38 የሊግ ጨዋታ አለው። አፍሪካ ዋንጫ ላይ ግን አንድ ቡድን ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ ሻንጣውን ሊያነሳ ይችላል። ከዚያ እንደገና ለማየት ዓመታት መጠበቅ ነው። የክለብ ደጋፊዎች በዚህ ሐሳብ ብዙ ተሟግተውኛል። ክብራቸውን እጠብቃለሁ፣ ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

ሞሮኮ ያዘጋጀችውን የአፍሪካ ዋንጫ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2018ን ላስታውስህ። ዓርብ ማታ ነበር። 12 ሰዓት ላይ ግብጽ ከደቡብ አፍሪካ ተጫወቱ። የሊቨርፑል ልጆች ማልያቸውን ለብሰው ሳላህን ሊያዩ መጡ። እሱም በፍጹም ቅጣት ምት አስቆጠረ፣ ግብጽ 1 ለ 0 አሸነፈች። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው። 5 ሰዓት ሲሆን ነው ነገሩ የመጣው። ማንቸስተር ዩናይትድ ከኒውካስል፣ ሞሮኮ ከማሊ፣ ሁለቱም በአንድ ሰዓት።

የዩናይትድ ደጋፊ ያን ማታ ምን ያህል እንደተቸገረ አስበው። ማዝራዊ ከሞሮኮ ጋር ነው። ምቤሞ ከካሜሩን፣ አማድ ከኮትዲቯር ጋር ሄደዋል። ክለቡን ሊያይ መጥቶ ተጫዋቾቹ ሌላ ውድድር ላይ ናቸው። እኛ ሞሮኮን ትልቁ ስክሪን ላይ፣ ዩናይትድን በጎን ባለችው ትንሿ ቲቪ ላይ አደረግን። ድምፁን ለትልቁ ሰጠነው። የዩናይትዱ ዶርጉ በመጀመሪያው አጋማሽ ሲያስቆጥር የትንሿ ቲቪ ወገን ጮኸ። ሞሮኮን ሲያይ የነበረው ሰው ሁሉ ዞረ። ወዲያው ደግሞ ሪፕሌይ እናያለን ብለው ከኋላ የነበሩት ተነሱ፣ የፊቱን ሰው ጋረዱት። «ቁጭ በል!» «አንተ ቁጭ በል!» ተጀመረ። የሞሮኮው ብራሂም ዲያዝ ፍጹም ቅጣት ምቱን ሊመታ ኳሷን ሲያስቀምጥ ግማሹ ሰው ገና ከጭቅጭቁ አልወጣም ነበር። ማሊም በኋላ በፍጹም ቅጣት ምት አቻ ሆነች። ብዙዎቹ ሁለቱንም ጎል በጆሯቸው ነው ያዩት። ገንዘብ ከፍሎ፣ ያንን የታኅሣሥ ብርድ በጋቢ ተቋቁሞ ለመጣ ሰው ይህ ያሳዝናል። አንተ የምትለውም ይህንኑ ነው፣ ይገባኛል።

አሁን ወደ «ለምን» ልምጣ። ብዙ ሰው ነጮቹ ስለሚንቁን ነው ብሎ ይዘጋዋል። ንቀት የለም አልልም። ግን ነገሩ ከዚያ ይሰፋል። የአፍሪካ ዋንጫ እኮ ለሌላው ቦታ ሲለቅ ነው የኖረው። ከዓለም ዋንጫ ጋር በአንድ ዓመት እንዳይውል ተብሎ ወደ ጎዶሎው የፈረንጅ ዓመት ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2012 ተደርጎ በ2013 እንደገና የተደረገው ለዚህ ነው። ቀጥሎ የአውሮፓ ክለቦች በጥር ተጫዋች አንለቅም እያሉ ሲያማርሩ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ውድድሩን ወደ ሰኔና ሐምሌ አዞረው። በእኛ አቆጣጠር የ2011ዱ የግብጽ ውድድር በዚያ ወቅት ተካሄደ፣ ከሊግ ጋርም አልተጋጨም። ከዚያ ተራው የካሜሩንና የኮትዲቯር ሆነ። እነሱ ጋ ሰኔ ዝናብ ነው። ወደ ጥር ተመለሰ።

ሞሮኮ ግን የዝናብ ችግር አልነበረባትም። ሰኔና ሐምሌ ላይ ማዘጋጀት ትችል ነበር። ፊፋ ግን 32 ክለቦች የሚሳተፉበትን አዲሱን የክለቦች ዓለም ዋንጫ አሜሪካ ላይ በዚያው በሰኔና በሐምሌ አስቀመጠው። ጥርና የካቲትን ደግሞ አዲሱ የቻምፒየንስ ሊግ አሠራር ያዘው፤ አሁን በጥር ውስጥም ጨዋታ አለው። የቀረው ክፍት ቦታ ከታኅሣሥ 12 እስከ ጥር 10 ነበር። እንግሊዞች ደግሞ በገና ሰሞን አያርፉም። ግጭቱ የመጣው ከዚህ ነው። እንግሊዝ ያለው ደጋፊም ተጎድቷል። በገናቸው ማግስት ሙሉ ቀን ጨዋታ ማየት የለመደ ሕዝብ ያን ዕለት ከፕሪምየር ሊጉ የዩናይትድና የኒውካስልን አንድ ጨዋታ ብቻ ነው ያገኘው። የአውሮፓ ውድድሮች ሲሰፉ የሊጉ ቀናት ተጣበቡ ነው የተባለው።

ፍጻሜው ጥር 10 መዋሉን ልብ ብለኸዋል? ከተራ ነው። ታቦት ሸኝቶ፣ ውሎ ደክሞት የተመለሰ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ፍጻሜ ሊያይ ተቀመጠ። ሌሎቹ ባሕረ ጥምቀቱ ጋ ሊያድሩ ነበር፣ ውጤቱን በስልክ ነው የሰሙት። ይህን ፕሮግራም ያወጣ ሰው ጥር 10 እኛ ጋ ምን ቀን እንደሆነ አያውቅም። እንዲያውቅም የነገረው የለም።

ውድድር ከውድድር ጋር ማጋጨት የአፍሪካ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 7 ቀን 2016 የዩሮና የኮፓ አሜሪካ ፍጻሜዎች በአንድ ሌሊት ዋሉ። ስፔን እንግሊዝን 2 ለ 1 ያሸነፈችበት በ4 ሰዓት ተጀመረ። አርጀንቲናና ኮሎምቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር የተባሉት። ማያሚ ላይ በሩ ጋ በተፈጠረው ግርግር ከአንድ ሰዓት በላይ ዘገየ። ጥቂት ልጆች እኛው ቤት አደሩ። በጨዋታው መሀል የሱብሒ አዛን ተሰማ፤ ሰጋጆቹ ወጥተው ተመለሱ። የአርጀንቲናው ላውታሮ በጭማሪ ሰዓት ሲያስቆጥር ውጭው ነግቶ ነበር። ሰኞ ሥራ የገባው ሁሉ ዓይኑ ቀልቶ ነው የዋለው።

ምን ይደረግ ላልከው፣ እኛን የጠቀመን ቀድሞ መወሰን ነው። ሐሙስ ሐሙስ የሳምንቱን ፕሮግራም በወረቀት ጽፈን በሩ ላይ እንለጥፋለን። የሚጋጭ ካለ የቱ በትልቁ፣ የቱ በትንሹ እንደሚታይ እዚያው ይጻፋል። በቴሌግራምም እንለቀዋለን። ሰው ከመክፈሉ በፊት ካወቀ አይጣላም። ወይ ይቀበላል፣ ወይ ሌላ ቤት ይሄዳል። ጠቡ የሚመጣው ሰው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ሪሞት ሲነካ ነው። ሁለተኛ፣ ቦታውን እንለያለን። የትንሿ ቲቪ ተመልካች በግድግዳው በኩል ይቀመጣል፣ በመሀል አይገባም። ድምፅ የትልቁ ብቻ ነው።

የቤቱን ባለቤትም ተረዳው። አንድ ዲኮደር በአንድ ጊዜ አንድ ቻናል ነው የሚያሳየው። ሁለት ጨዋታ ለማሳየት ሁለት ዲኮደርና ተጨማሪ ክፍያ ያስፈልጋል። ሁሉም ቤት ይህን አይችልም። የቤቲንግ (የውርርድ) ትኬት የቆረጡ ልጆች ደግሞ አሉ። በየአምስት ደቂቃው «ውጤቱን አንዴ ቀይርና አሳየን» ይላሉ። እኛ ለቤቲንግ ተብሎ ቻናል አይቀየርም ብለናል። በዚህ አንደራደርም። ጨዋታውን ወዶ የመጣው ሰው ይቀድማል።

ለአንተ ለፈረቃ ሠራተኛው አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዞች በጥቅምት አጋማሽ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሳሉ፣ እኛ አንቀይርም። ስለዚህ ቅዳሜ 11 ሰዓት የነበረው ጨዋታ 12 ሰዓት ይሆናል፣ የቻምፒየንስ ሊጉ 4 ሰዓት 5 ሰዓት ይሆናል። እስከ መጋቢት ድረስ እንዲያ ነው። ፈረቃ የምትቀያየር ከሆነ ይህን ይዘህ ተነጋገር። 5 ሰዓት የጀመረ ጨዋታ 7 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው የሚያልቀው። በዚያ ሰዓት የሀረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መኪና አታገኝም፤ ብታገኝም አልመክርህም። ደሴ መጥተህ የምታይ ከሆነ ማደሪያህን አስቀድመህ አስብ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ከሰዓት በኋላ የሰፈር ልጆች ውድድር ሲኖር እና ያው ሰዓት ላይ አርሰናል ወይም ቼልሲ ሲጫወት ሜዳው ባዶ ይሆናል። የልጁን ጨዋታ የሚያየው ወንድሙና ሁለት ጓደኞቹ ናቸው። አዘጋጆቹን የእንግሊዝን ፕሮግራም እያያችሁ ሰዓት አውጡ ብለን ለምነናል። ጠዋት ላይ ያደረጉት ጊዜ ሰው ሞልቶ አይቻለሁ። ይህ በእጃችን ያለ ነገር ነው፣ ፊፋን አይጠይቅም።

ኢትዮጵያ ስትኖር ደግሞ ይህ ሁሉ ክርክር የለም። ጥር 2005 ከ31 ዓመት በኋላ ስንመለስ፣ ከዛምቢያ ጋር በጎዶሎ ተጫዋች አዳነ ግርማ አቻ ሲያደርገን ቻናል ቀይር ያለ አንድ ሰው አልሰማሁም። የዩናይትዱም የአርሰናሉም አብሮ ነው ያለቀሰው።

የሚቀጥለው የአፍሪካ ዋንጫ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳ ላይ በ2019 ሰኔና ሐምሌ እንዲካሄድ ታቅዷል። ሰዓታቸው ከእኛ ጋር አንድ ነው፣ የእንግሊዝ ሊግም ዕረፍት ላይ ይሆናል። የእኛ ችግር ክረምቱ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ኮሜንታተሩ አይሰማም። ኮርኒስ ለማሠራት ከአሁኑ እንጨት መግዛት ጀምረናል።