መልስ፦ ኮርሱ ለኢንተርንሺፕ ይጠቅማል ወይ?

እህቴ፣ «የፐብሊክ ፖሊሲ ማስተርስ ልማት ድርጅት ውስጥ ለኢንተርንሺፕ ምን ይጠቅማል?» ላልሽው፣ እኔ ደሴ አንድ የውጭ ድርጅት ጋ ሦስት ወር ሠርቻለሁ። ይጠቅማል፣ አብሽሪ። ቲዎሪውን ግን ማንም አልጠየቀኝም። ያዳነኝ ስታቲስቲክስና የክትትልና ግምገማ ኮርሱ ነው።

ለምሳሌ ሴፍቲኔትን እንይ። የምግብ እጥረት ላለባቸው የገጠር ቤተሰቦች በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ፕሮግራም ማለቴ ነው። ጉልበት ያለው እርከን ሠርቶ፣ መንገድ ጠግኖ ብር ወይም እህል ያገኛል፣ አቅመ ደካማው ደግሞ ሳይሠራ በቀጥታ ይደገፋል። ክፍል ውስጥ ይሄ የአንድ ገጽ ሰንጠረዥ ነው። ቀበሌ ስወርድ አንድ እናት ወገባቸውን ይዘው «ልጄ፣ ጉልበት አላት ብለው ጻፉኝ፤ ጉልበቴን የት አይተውት ነው?» አሉኝ። ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለም። ጀርባው ላይ ጻፍኩት፤ አለቃዬ ከሁሉ አስቀድማ ያነበበችው እሱን ነው። የተጠቃሚ አመራረጥ ስህተት (ሰው ያለቦታው መመዝገቡ) የሚባለውን ነገር ክፍል ባልማረው ኖሮ፣ ሴትዮዋን አጽናንቼ ብቻ እመለስ ነበር።

ኤክሴል አጥብቀሽ ያዢ፣ ከቻልሽ ስታታ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ጨምሪ። ሪፖርት በሁለት ገጽ መጻፍ ተለማመጂ (ሠላሳ ገጽ ያስጻፉንን መምህራን አላህ ይቅር ይበላቸው)። ስታመለክቺ የኮርስ ስም አትደርድሪ፣ የሠራሽውን አንድ ጥሩ ፔፐር አያይዢ።