መልስ፦ ከስድስት ኪሎ ጀምሪ

እህቴ፣ «ሥዕል አልተማርኩም፤ የዩኒቨርሲቲ ኤግዚቢሽን ዓመቱን ሙሉ ብከታተል ይገባኛል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። በደንብ ይገባሻል!

ከገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ጀምሪ። ስድስት ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። ገብረ ክርስቶስ በ1932 እ.ኤ.አ. ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ፣ በ1981 በስደት አሜሪካ ያረፈ ሠዓሊና ገጣሚ ነው። ጀርመን ቀርተው የነበሩ ሥዕሎቹ አገራቸው መመለሳቸው ሁሌም ልቤን ይነካዋል።

ሥዕሉን ከፊት ለፊት ብቻ አትዪው። ጠጋ በይና ከጎኑ ቁሚ። ቀለሙ የት እንደተደራረበ፣ ብሩሹ የት እንደቸኮለ ይታይሻል። እኔ አንድ ቀይ ሥዕል ፊት ግማሽ ሰዓት ቆሜ ነው ዓይኔ የተከፈተው።

በዓመቱ ውስጥ ሌላው ቢያልፍሽ ግድ የለም፤ የዚያው ዩኒቨርሲቲ «አለ» የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተመራቂዎች ኤግዚቢሽን ግን እንዳያመልጥሽ። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1957 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ቤት ነው። ልጆቹን ሥራቸው አጠገብ ካገኘሻቸው «እዚህ ጋ ለምን ጥቁር አደረጋችሁት?» በያቸው። ደስ ብሏቸው ነው የሚያወሩሽ።

ኤግዚቢሽኑ በየጊዜው ስለሚቀያየር፣ ከመሄድሽ በፊት ምን እንደተሰቀለ ጠይቂ። ትንሽ ደብተርም ያዢ።