ከቦርከና ወለል፦ ማን ቀረ? የትኛው ሥራ ቆመ?

በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቦርከና ወንዝና ገባሮቹ፣ በተለይም በወለላቸው ስለሚኖሩ እንስሳት ናቸው፤ አንዱ ብቻ እስከ ባሕር ይወስደናል።

ኮምቦልቻ ውስጥ ከድልድይ በታች ጭቃውን ሳነሳ ቀይ ትል ይርመሰመሳል። ይህን ያህል ነፍስ ካለበት ወንዙ ደኅና ነው ማለት አይደለም?

አይደለም። ትሉን ያቀላው ሄሞግሎቢን ነው፤ ኦክስጅን በጠፋበት ጭቃ የሚያኖረውም እሱ ነው። ቡናማ ራስና ከራሱ ሥር ጥንድ አጫጭር እግሮች ካሉት የማትናከስ ትንኝ ዕጭ፣ ኪሮኖመስ ነው። ክር የመሰለ፣ ግማሽ አካሉን ቀብሮ ጅራቱን የሚያወዛውዝ ከሆነ ደግሞ ቱቢፌክስ ነው። ሁለቱም የሚበሉት የበሰበሰ ደቃቅ ነገር ነው። ቅጠል የሚቆራርጠው ሸርጣን፣ ከድንጋይ ላይ አረንጓዴውን የሚፍቀው ቀንድ አውጣ፣ መረብ ዘርግቶ ውኃ የሚያጣራው የካዲስፍላይ (በራሪ ነፍሳት) ዕጭ ግን የሉም። ድግስ ቤት ሃያ አሳላፊ ኖሮ አንድ እንጀራ ጋጋሪ ከታጣ ሰው ሞልቷል አይባልም።

የፋብሪካ ፍሳሽ ከሚገባባቸው የቦርከና ገባሮች ለመመረቂያ ጽሑፌ ናሙና ልወስድ ነው። የሥራ ብዝኃነትን፣ ማለትም የወለሉ እንስሳት የሚሠሩት ሥራ ምን ያህል ልዩ ልዩ እንደሆነ፣ እንዴት ልለካ? (ተማሪ፣ ደሴ)

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይውሰዱ። የክረምት ጎርፍ ወለሉን ጠራርጎ ይሄዳል፤ የበልጉም ዝናብ ከየካቲት ጀምሮ ያንኑ ያደርጋል። ያኔ የሚያገኙት ባዶ ወለል የጎርፉ ሥራ ይሁን የብክለቱ መለየት ይቸግራል።

ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ አፉ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ መረብ ይያዙ። አፉን ወደ ላይኛው ተፋሰስ አዙረው ከፊቱ ያለውን ወለል በእግር ይቀስቅሱ፤ በየጣቢያው እኩል ደቂቃ። ከፍሳሹ በላይ ፈሰስ ያለ ድንጋያማ ቦታ ከመረጡ ከታችም እንደዚያው ይምረጡ። ድንጋይን ከጭቃ ጋር ማወዳደር ብዙ ጽሑፍ ያበላሸ ስህተት ነው። በ70–80 በመቶ አልኮል ካስቀመጡ በኋላ በማግስቱ አልኮሉን ይቀይሩ፤ ከናሙናው የሚወጣው ውኃ ያቀጥነውና እንስሳቱ ይበሰብሳሉ።

ከዚያ ለየቤተሰቡ (ለየተዛማጅ እንስሳት ስብስቡ) ሰንጠረዥ ያዘጋጁ፦ አመጋገብ፣ አተነፋፈስ፣ የአካል መጠን፣ በዓመት ስንት ትውልድ። ለየባሕርዩ፣ በቤተሰቡ እንደሚታይበት መጠን፣ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ሰጥተው በእንስሳቱ ብዛት ያባዙ። ከ200 እንስሳት 180ው ኪሮኖመስ፣ 20ው ቱቢፌክስ ቢሆን ቤተሰቡ ሁለት፣ ሥራው ግን አንድ ነው። ወጥመዱ ያለው እዚሁ የትንኞቹ ቤተሰብ ውስጥ ነው፦ አዳኝም አጣሪም አለበት። ሁሉን በአንድ መስመር ከጻፉት ልዩነቱ ይጠፋል፤ ቢያንስ ንዑስ ቤተሰቦቹን ይለዩ።

ኦክስጅኑን ጎሕ ሳይቀድ ይለኩ፤ ቀን አልጌው ስለሚያመርት ቁጥሩ ያታልላል። በኮምቦልቻ ከፍታ፣ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ በ20 ዲግሪ ሙሉ የሚባለው በሊትር 7.3 ሚሊ ግራም ያህል ነው፤ 9.1 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው።

ፍሳሹ መጣራት ከጀመረ ወዲህ ውኃው ጠርቷል፤ ወለሉ ግን እንደነበረ ነው። ለምን?

ከቆዳ ማልፊያ የሚወጣ ክሮሚየም ደቃቅ ደለል ላይ ይጣበቃል። ውኃው ፈስሶ ይሄዳል፣ ደለሉ ይቀራል። የሚመለሱት እንስሳትም ተራ አላቸው፦ በራሪዎቹ እንቁላላቸውን ከአየር ስለሚጥሉ ይቀድማሉ፤ ክንፍ የሌላቸው ቀንድ አውጣና ሸርጣን ከላይኛው ጅረት እስኪመጡ ይቆያል። ስለዚህ የዓይነቱ ቁጥር ከሥራው ቀድሞ ያገግማል።

ይህ ሁሉ ባሕር ይደርሳል?

አይደርስም። ቦርከና አዋሽ ይገባል፣ አዋሽም በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የባሕር ወለል ላይ የሚሆነው ግን ይመሳሰላል። ተመራማሪዎቹ ፒርሰንና ሮዘንበርግ በ1978 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት ኦርጋኒክ ቆሻሻ በበዛበት ቦታ ትላልቆቹ ጥልቅ ቆፋሪዎች ይጠፋሉ፤ እንደ ካፒቴላ ያሉ ትናንሽ ትሎች ይበዛሉ። ጉዳቱ የከፋው ቆፋሪዎቹ በጉድጓዳቸው ኦክስጅን ወደ ጭቃው ያስገቡ ስለነበር ነው። እነሱ ሲቀሩ የሚሸተው ጥቁር ንብርብር ወደ ላይ ይወጣል፤ ናይትሮጅንን ወደ ጋዝ የሚቀይሩት ባክቴሪያዎችም ሥራቸው ይደናቀፋል።

ከብቶቼን ከዚህ ውኃ ላጠጣ? (ገበሬ)

ነፍሳቱ ይህን አይነግሩንም፤ ለከባድ ብረቶች ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ናይትሪክ አሲድ የተጨመረበትን የናሙና ጠርሙስ ከላቦራቶሪው ይውሰዱ። ያለ አሲድ ብረቱ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይጣበቅና ውጤቱ ከእውነቱ አንሶ ይመጣል።