ታክሲ ውስጥ ሂሳብ የሚሠራው «ሰነፍ»

ልጆቼ፣ በተለይ ዘንድሮ ማስተማር የጀመራችሁ ወጣቶች፣ አራት ኪሎ አካባቢ ከ30 ዓመት በላይ ሂሳብ ሳስተምር ከሠራኋቸው ስህተቶች አንዱን ልንገራችሁ።

አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ። ከሰሌዳ መገልበጥ አይሆንለትም። ሌሎቹ ጨርሰው ደብተር ሲዘጉ እሱ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። ፈተና ላይ ግማሹን ባዶ ትቶ ከ20 9 አመጣ። ልጆቹ ፊት «ሰነፍ» አልኩት። እስከዛሬ ያሳፍረኛል።

በዚያው ሳምንት ወደ መገናኛ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ ተቀምጧል። ረዳቱ መልስ ተምታቶበት ከተሳፋሪው ጋር ይጨቃጨቃል። የኔ «ሰነፍ» ማን ስንት ብር እንደሰጠ፣ ማን ለሁለት ሰው እንደከፈለ፣ ለማን ስንት መልስ እንደቀረው ቁጭ ብሎ በቃሉ ዘረዘረው። አንድም አልሳተም። ረዳቱ «በቃ አንተ ሂሳብ ተቀበልልኝ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

በማግስቱ ያንኑ ፈተና በቃል ጠየቅኩት። ከ20 18።

ለካ ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብና የመጻፍ ችግር ነበረበት። የኛ ፊደል ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ቀልድ አይደለም። 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 ቅርጽ ነው፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው ምንድን ነው? አንዲት ጭረት፣ ወገቡ ላይ ወይም እግሩ ላይ። እናንተ ሳታስተውሉት የምታልፉትን እሱ አንድ በአንድ ሲፈታ ደውሉ ይደወላል።

እንዲህ ያለውን ልጅ ማወቅ የሚከብደው ችሎታው ጉዳቱን፣ ጉዳቱም ችሎታውን ስለሚሸፍነው ነው። ሰምቶ ይይዛል፣ ገምቶ ያነባል፣ ስለዚህ ብዙም አይወድቅምና ችግር አለበት የሚል የለም፤ መጻፍ ስለሚያቅተው ደግሞ አንደኛ አይወጣምና ጎበዝ ነው የሚልም የለም። «መካከለኛ» ብላችሁ ያለፋችኋቸውን እስቲ መልሳችሁ እዩዋቸው።

እናቱን ሳስጠራት «ቲቸር፣ ቤት የተበላሸ ሬዲዮ ፈታቶ ይገጥማል፤ ደብተር ሲይዝ ግን እጁ ይታሰራል» አለችኝ። እኔ እኮ ሁልጊዜ ወላጅን «ያጠናል ወይ?» ብቻ ነበር የምጠይቀው። ቤት ምን እንደሚሠራ ጠይቁ።

ፈተና ስታወጡ ምኑን እንደምትፈትኑ ለራሳችሁ ንገሩ። ሂሳብ ከሆነ ሂሳቡን፤ የእጅ ጽሑፉ ሌላ ቀን ይደርሳል። በቃሉ ይመልስ፣ ጊዜ ጨምሩለት፣ ኖቱን ከጓደኛው ፎቶ ኮፒ ያድርግ። ሌሎቹ ይከፋቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ማንም አልከፋውም። ልጆች ማን ምን እንደሚችል ከኛ ቀድመው ያውቃሉ። ደግሞ አደራ፣ ከሂሳብ ክበብ አስወጥታችሁ የእጅ ጽሑፍ ልምምድ አታስገቡት። የሚወደውን አትንጠቁት።

ጆሮዋ የሚከብዳት ልጅ ካለች ወደ ሰሌዳ ዞራችሁ አታውሩ። ከንፈራችሁን ነው የምታነበው።

አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ማየት የተሳናቸው ልጆች በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ሲጠብቁ አይቻለሁ፣ «ለነሱ ይከብዳል» ተብሎ። ካርቶን ላይ ስፒል ሰክቶ ክር መወጠር እኮ ነው፤ ሦስት ማዕዘን በጣት ይነበባል። ይህን ሳንሞክር ልጁ ጎበዝ አለመሆኑን በምን አወቅን? የትነበርሽ ንጉሴ በ5 ዓመቷ የዓይን ብርሃኗን አጥታ፣ ሻሸመኔ ተምራ፣ ከዚያ እዚሁ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሌሎች ጋር ተምራ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቃ በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። ሁሉም እንደሷ ይሁን አልልም። ግቢ ውስጥ ተቀምጠው የቀሩት ግን ያሳስቡኛል።

«60 ተማሪ ይዤ መቼ?» ትሉኛላችሁ። እኔም ብያለሁ። በአንድ ልጅ ጀምሩ፣ በዕረፍት ሰዓት 10 ደቂቃ። ከአቅማችሁ በላይ ሲሆን ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል አለው፤ ሩቅ አይደለም፣ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ያ ልጅ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል። ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም «ቲቸር፣ ቡሮ ቀይሬያለሁ፣ ይምጡና ቢና እንጠጣ» ብሎ ጻፈልኝ። ቅዳሜ እሄዳለሁ።