የአያቴ ካርታና ስልኬ አልተስማሙም

ጥያቄ፦ የአያቴን ወረቀቶች ሳገላብጥ የሐረማያን አካባቢ የሚያሳይ የድሮ ካርታ አገኘሁ። መጠኑ 1፡50,000 ይላል። አያቴ እርሻቸውን ሐይቁ አጠገብ በእርሳስ ከበውታል። ነጥቡን አንብቤ ስልኬ ላይ ሳስገባው ግን ሌላ ሰው ጫት ማሳ ውስጥ ይጥለኛል። የተሳሳተው የቱ ነው? ደግሞ ከጎረቤት ጋር የድንበር ክርክር አለን፤ ካርታው ማስረጃ ይሆነኛል?
ከከዚራ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ እንደ ድሬ ልጅ አንተ ልበልህና፣ አንዱም አልተሳሳተም። የዚያ ዘመን የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የመለኪያ መነሻ ሲሆን ስልክህ የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84 የሚባለውን ሌላ መነሻ ነው። እኛ አገር ላይ የሁለቱ ልዩነት ወደ 200 ሜትር ይደርሳል፤ ጎረቤት ማሳ ለመግባት ይበቃል!

የእናንተ ሰፈር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ዩቲኤም የሚባለው አሠራር ምድርን በ6 ዲግሪ ስፋት በቀጠና ይከፍላል፤ 42ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ቀጠና 37 ያልቅና 38 ይጀምራል፤ መስመሩም የሚያልፈው በድሬዳዋና በሐረር መሃል፣ እዚያው ሐረማያ ደጃፍ ላይ ነው። ድሬ 37፣ ሐረር 38። ይሄን ከሳትክ ስልኩ ማሳ ሳይሆን ሌላ አገር ነው የሚወስድህ። ኪውጂአይኤስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ መነሻውንና ቀጠናውን በትክክል ከነገርከው ራሱ ይቀይርልሃል።

ስለ ድንበሩ ግን ተስፋ አልሰጥህም። በዚህ መጠን 1 ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 50 ሜትር ነው። የአያትህ የእርሳስ መስመር ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢወፍር 25 ሜትር መሬት ሸፍኗል ማለት ነው፣ እናንተ የምትከራከሩት ስለ ስንት እርምጃ ነው? ይሄ የይዞታ ካርታ አይደለም፤ የማን ማሳ የት እንደሚያልቅ አያሳይም። ለክርክሩ የይዞታ ደብተርህንና ድንበሩን የሚያውቁ ሽማግሌዎችን ይዘህ ወደ መሬት አስተዳደር ሂድ።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? ውሃ! እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው ሐይቁን ነው። ሐረማያ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቆ፣ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆኖ ነበር፤ ለመስኖና ለሐረር ከተማ ሲሳብ ኖሮ፣ ደለሉም ተጨምሮበት። አሁን ውሃው ተመልሷል። ካርታህ ላይ ያለው ዳርቻ ከዚያ ሁሉ በፊት የነበረው ነው። ምንጮቹን፣ ወንዞቹን፣ የእግር መንገዱን ከዛሬው የሳተላይት ምስል ጋር አስተያየው። ካርታው እስከ ደንገጎ ከደረሰልህ ደግሞ የከፍታ መስመሮቹ፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት፣ እንዴት እንደሚተፋፈጉ እይ፤ ከድሬ በሚኒባስ ሲወጣ ጆሮ የሚደፍነው ዳገት እሱ ነው።

የታተመበትን ዓመት ብቻ አትመን። ፎቶው ከአውሮፕላን የተነሳው ቀደም ብሎ ሊሆን ስለሚችል ግርጌውን አንብብ፤ መነሻውም ቀጠናውም የሚጻፈው እዚያው ነው። ለሰው ፎቶ አንስተህ ስትልክ ጠርዙን አትቁረጠው፤ ሰው ሁሉ መሃሉን ብቻ አንስቶ ይልክና "የት ነው?" ይለኛል።