ጥያቄና መልስ፦ ጥናቱ አለ፣ የጠፋው ፊደሉ ነው

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ጆርናል ጽሑፍ ናቸው። የፕሮፖዛል ወቅት ነው መሰለኝ።

«ሶሻል ወርክ እማራለሁ። ርዕሴ ዕድር ለአረጋውያን የሚያደርገው ድጋፍ ነው። ጎግል ስኮላር ላይ ፈልጌ የረባ ያገኘሁት አራት ብቻ ነው። ጥናት የለም ብዬ ልጻፍ?» (ከደብረ ብርሃን)

ኧረ አትጻፊ እህቴ! ዕድርን በላቲን ፊደል አንዱ በ«አይ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ኢ»። አንዱ «ዲ»ን ይደግማታል፣ ሌላው በአንድ ያልፋታል። ይኸው አራት አጻጻፍ ሆነ። አራቱንም ጻፊና በየመሀሉ «ኦር» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል በካፒታል አስገቢ። ሸዋም ያው ናት፤ «ደብልዩ» ያላትም የሌላትም አለች። የደብረ ብርሃንን አጻጻፍማ ተይው።

ደግሞ ኢኮኖሚስቶች ዕድርን ብዙ ጊዜ የሚያዩት እንደ ኢንሹራንስ ነው። ስለዚህ «የቀብር መድን»፣ «የቀብር ማኅበር»፣ «ኢመደበኛ የማኅበራዊ ጥበቃ» የሚሉትን በእንግሊዝኛ እያደረግሽ ፈልጊ። አንድ ጥሩ ጽሑፍ ስታገኚ ዋቢዎቹን ወደ ኋላ ተከተይ። ከዚያ ከውጤቱ ሥር ያለችውን «የጠቀሱት» (በእንግሊዝኛ «ሳይትድ ባይ») የምትል ሊንክ ተጫኚ፤ ከዚያ በኋላ የተጻፉትን ታወጣልሻለች። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወዳት እሷን ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት ነው፤ አንዱ በአማራ ክልል ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን፣ ሌላው በኦሮሚያ ዋና ከተማው ፍቼ። ስለ ፍቼ የተጻፈውን ለመንዝ ማስረጃ ያደረገ ፕሮፖዛል በዓይኔ አይቻለሁ።

«የወረዳ ሠራተኛ ነኝ። የምፈልገው ጽሑፍ በዶላር ክፈል ይለኛል። ምን ላድርግ?» (ከሸዋ ሮቢት)

አይክፈሉ። ጎግል ስኮላር ላይ «ሁሉም ቅጂዎች» (በእንግሊዝኛ «ኦል ቨርዥንስ») የሚለውን ይንኩ፤ ብዙ ጊዜ ነጻ ቅጂ አንድ ቦታ ተቀምጧል። ካልሆነ ለጸሐፊው ኢሜይል ይላኩ። ተመራማሪ ጽሑፉን የሚያነብለት ሰው ሲያገኝ ደስ ነው የሚለው። የአገራችን ጆርናሎች ብዙዎቹ «አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን» ላይ አሉ። «ሪሰርች ፎር ላይፍ» የሚባለውም ኢትዮጵያን በነጻ ከሚያስተናግዳቸው አገሮች መድቧታል፤ ግን የሚመዘገበው ተቋም ነውና አቅራቢያዎ ያለውን የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ።

«ሴፍቲኔት ውስጥ ያሉ ቤተሰቦች ከሌሉት ይልቅ የምግብ እጥረት አለባቸው የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። ሌላው ደግሞ ፕሮግራሙ ጠቅሟል ይላል። ማንን ልመን?» (ከመሐል ሜዳ)

ድምዳሜውን ትተህ መጀመሪያ ሜቶዶሎጂውን፣ ማለትም ጥናቱ እንዴት እንደተሠራ የሚናገረውን ክፍል አንብብ። ሴፍቲኔት የሚመርጠው ድሆቹን ነው። እንግዲህ ድሃ ተብሎ የተመረጠውን ካልተመረጠው ጎረቤቱ ጋር ባንድ ቀን መጠይቅ ብታወዳድር የተመረጠው ተጎድቶ ቢገኝ ምን ይገርማል? ሐኪም ቤት ያለ ሰው ይበልጥ ይታመማል፣ ስለዚህ ሐኪም ቤት ያሳምማል እንደማለት ነው። ጥሩው ጥናት ከመጀመሪያው የሚመሳሰሉ ቤተሰቦችን ፈልጎ ያወዳድራል፣ ወይም እነዚያኑ ቤተሰቦች ፕሮግራሙ ሳይጀመርና ከጀመረ በኋላ ያያቸዋል። ሁለቱ ጽሑፎችህ ይህን እንዴት እንደያዙት ተመልከት። የጉልበት ሥራ የሚሠሩትንና አቅም አጥተው ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙትን ቀላቅለው ከሆነም ጠርጥር።

እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ አብስትራክት፣ ማለትም አጭሯን ማጠቃለያ ብቻ አንብቤ ጠቅሼ ነበር። አድቫይዘሬ «ሳምፕሉ ከየት ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ አፌ ተሳሰረ። የሌላ አገር ኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ፤ የኔ ርዕስ ደግሞ የገጠር እናቶች።

«ጽሑፍዎን በሦስት ቀን እናሳትማለን፣ ክፍያ ብቻ ይላኩ የሚል ኢሜይል መጣልኝ።» (ከአንኮበር)

ሰርዘው። ክፍያ ብቻውን ምልክት አይደለም፤ ደህና ጆርናሎችም ያስከፍላሉ። የሦስት ቀኑ ነገር ግን ጉድ ነው። ሁለት ገምጋሚ አንብቦ አስተያየት ሰጥቶ፣ ጸሐፊው አርሞ፣ ይኼ ሁሉ በሦስት ቀን? የጆርናሉን ስም በ2003 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በተጀመረው «የነጻ ጆርናሎች ማውጫ» (በእንግሊዝኛ ምህጻሩ DOAJ) ውስጥ ፈልገው። ከኤዲተሮቹ ሁለቱን መርጠህም የሚሠሩበት ተቋም ድረ ገጽ ላይ መኖራቸውን አረጋግጥ። ለመጥቀስ የምትፈልገውን ጽሑፍም በዚሁ መንገድ መዝነው።

«ቻትጂፒቲ አሥር ዋቢ ሰጠኝ። ስድስቱን የትም አጣኋቸው።» (ከደብረ ሲና)

የሉማ! ርዕሱም ጸሐፊውም እውነት ይመስላል፣ ጽሑፉ ግን አልተጻፈም። የቀሩትንም አራት ከፍተሽ ሳታነቢ እንዳትጠቅሺ።

«ስንት ዓመት ያለፈው ጽሑፍ አረጀ ይባላል?» (ከአረርቲ)

አንዳንዱ መምህር አምስት ዓመት ይላል። እኔ አልስማማም። ስለ ዕድር አመሠራረት የተጻፈ የድሮ ጽሑፍ ዛሬም ያገለግላል። ስለ ሴፍቲኔት ከሆነ ግን ፕሮግራሙ የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተጻፈ አያውቀውም። ይኼ 1997 በፈረንጅ 2005 ነው። የአገር ውስጥ ቴሲስ ላይ ዓመት ስታይ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ሳታጣራ ዋቢህ ውስጥ አታስገባው።